ከውሃ የወጣ ብረት የት ይገባል?



ዛሬ እዚህ ሰቆጣ የምንነጋገረው በውሃ ውስጥ ስለሚሟሙ ከባድ ብረቶችና እነርሱን ለመያዝ ስለተሠሩ ፖሊመሮች ነው። መነሻዬ ግን የፍየል ቆዳ ነው።

ሰቆጣ ያለችበት ዋግ የፍየል አገር ነው። የአበርገሌ ፍየል ስሟ ከዚህ ሸለቆ ወጥቶ የእንስሳት እርባታ ምሁራን መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። ፍየሏ ስትታረድ ሥጋዋ እዚሁ ይበላል፤ ቆዳዋ ጨው ይነሰነስበትና በነጋዴ እጅ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ይወርዳል። እዚያ ጠጉሩ ይነቀላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም የክሮሚየም ጨው በሟሟበት ትልቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይሽከረከራል። ቆዳው ጫማ እስኪሆንና ከዚያም በኋላ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ይህ ክሮሚየም ነው። ችግሩ፣ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚመጥጠው ከተጨመረው ክሮሚየም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

ኮምቦልቻን እንውሰድ። በከተማዋ መካከል የሚያልፉ ትንንሽ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ተመራማሪዎች ከፋብሪካዎቹ ፍሳሽና ከወንዞቹ ናሙና ወስደው መርምረው ነበር። በቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው የክሮሚየም መካከለኛ መጠን በሊትር ከ26 ሚሊግራም በላይ ነበር። በብረታ ብረት ፋብሪካው ፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ዚንክ በሊትር ከ150 ሚሊግራም አልፎ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። እርግጥ ፍሳሹን በጣሳ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው የለም። ነገር ግን ወንዙ ከፋብሪካው በታች ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ጎመንና ሽንኩርት ይለማበታል።

ይህን ያነሣሁት ኮምቦልቻን ለመውቀስ አይደለም። ቆዳው ከእኛ የሄደ ነው፤ ጫማውንም የምናደርገው እኛ ነን። የዋግ ሰው ቆዳውን ሸጦ ገንዘቡን ሲቀበል፣ ቦርከና ዳር ያለ ገበሬ ከዚያው ቆዳ የተረፈውን ክሮሚየም ይቀበላል። ስለዚህ ጉዳዩ ሩቅ አገር ያለ ጉዳይ ሆኖ አይታየኝም።

አሁን አንድ ነገር አጥብቄ ላስረዳ፤ የቀረው ንግግሬ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ጀርም ይሞታል። ውሃ ሲፈላ ይሞታል፣ ውሃ አጋር የተባለው ክሎሪን ሲጨመርበት ይሞታል። ብረት ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም፤ አይቃጠልም፣ አይበሰብስም፣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገርም አይለወጥም። እርሳስ የሟሟበትን ውሃ ብታፈሉት፣ ከውሃው የተወሰነው ተንኖ ይሄዳል እንጂ እርሳሱ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። የነጠላ ጨርቅ አያስቀረውም፤ የሟሟ የብረት አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት፣ ከጨርቅ ቀዳዳ በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነውና። ሰውን በሚጎዳ መጠን እያለ እንኳ ቀለም የለውም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። እናቶቻችን ውሃን በዐይናቸውና በምላሳቸው ሲመርጡ የኖሩበት ጥበብ እዚህ ላይ አይደርስም።

እንግዲህ ብረትን ማስወገድ ስንል በእውነቱ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወራችን ነው። ከውሃው አውጥተን አንድ ሌላ ነገር ላይ እናስቀምጠዋለን። ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? ሲሞላ የት ይቀመጣል? ማን ይጠብቀዋል? መሐንዲሶችና ኬሚስቶች የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሰዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት የላቸውም።

በመጀመሪያው ልጀምር። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እየተያያዙ የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጥጥ ፖሊመር ነው፤ የፍየል ጠጉርም፣ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካንም ፖሊመር ናቸው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ስታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 እንዲህ ያሉ ግዙፍ ሞለኪውሎች መኖራቸውን ሲጽፍ ብዙ ባልደረቦቹ አላመኑትም። በ1953 በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ብረትን ከውሃ ለይቶ የመያዝ ሐሳብ ግን የመጣው ከእርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ቶምፕሰንና ዌይ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ማዳበሪያ የሟሟበት ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አፈሩ አሞኒያውን ይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ አሳዩ። ይህን ሥራ የዋግ ገበሬ የሚያርሰው አፈርም በየቀኑ ይሠራል፤ ሸክላው አንዱን አዮን ይዞ ሌላውን ይለቃል። በ1935 አዳምስና ሆልምስ ይህንኑ የሚያደርግ ሰው ሠራሽ ሬዚን መሥራት ቻሉ። በ1944 አሜሪካዊው ዳሌሊዮ ከፖሊስታይሪን የተሠራውን ይዞ ብቅ አለ፤ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የዚያ ዝርያ ነው። ፖሊስታይሪንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፎም ከእርሱ የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፖሊስታይሪን ሰንሰለቶች በውሃ እንዳይበታተኑ እርስ በርስ ይታሠሩና ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚሆኑ ድቡልቡል ፍሬዎች ይሆናሉ። ቀጥሎ በሰልፈሪክ አሲድ ይታከሙና በሰንሰለቱ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው መያዣዎች ይበቅሉባቸዋል። ውሃው ወደ ፍሬው ውስጥ ሲገባ ፍሬው ያብጣል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ኒኬል፣ መዳብ በውሃ ውስጥ ሲሟሙ አብዛኛውን ጊዜ አዎንታዊ ሙል ይዘው ነው የሚጓዙት። ጋቢ ለብሶ በግራር ቁጥቋጦ መካከል የሚያልፍ ሰው ራሱ ቢያልፍም ጋቢው በእሾህ ተይዞ እንደሚቀር፣ ውሃው ያልፋል፣ ብረቱ ይያዛል። በምትኩም ፍሬው አስቀድሞ ይዞት የነበረውን ሶዲየም ወይም ሃይድሮጅን ለውሃው ይሰጣል።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ተማሪዎች መጻፊያችሁን ብታነሡ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው ሬዚን 1 ሊትር የሚሆነው ወደ 2 ኢኩቫለንት (የሙል መጠን መለኪያ ነው) መያዣ አለው። እርሳስ ብቻ ቢይዝ 200 ግራም ያህል ይይዛል ማለት ነው። በሊትር 0.05 ሚሊግራም እርሳስ ያለበት ጉድጓድ ቢኖር፣ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 0.01 ሚሊግራም አምስት እጥፍ ነው፣ በወረቀት ላይ ያ 1 ሊትር ሬዚን ከ4 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ያጸዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩ 200,000 ጀሪካን ነው።

ውሃ ግን እርሳስን ብቻ ይዞ አይመጣም። የኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ ውሃ በሊትር 100 ሚሊግራም ካልሲየም ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም። ካልሲየም ለአጥንት የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ ነገር አይደለም፤ ሆኖም እርሱም አዎንታዊ ሙል አለው፣ መያዣው ላይ ይቀመጣል። በዚህ ውሃ ውስጥ ለአንድ የእርሳስ አዮን ከ10,000 የማያንሱ የካልሲየም አዮኖች አሉ። ሬዚኑ ካልሲየሙን ሁሉ እየተቀበለ ከሄደ የሚሞላው በ400 ሊትር ነው። 20 ጀሪካን! ከ200,000 ወደ 20 ወረድን ማለት ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ የማጣሪያውን ዕድሜ በሊትር ሲነግራችሁ ቁጥሩ በየትኛው ውሃ እንደተለካ ጠይቁት የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ የተገኘ ቁጥር ለዋግ ጉድጓድ አይሠራም።

የዚህ ዘመን ኬሚስቶች ሥራ በአብዛኛው ይህን ችግር መፍታት ነው፤ ካልሲየምን አሳልፎ እርሳስን የሚያስቀር መያዣ መሥራት። መፍትሔው የተገኘው የአዮኖቹን ጠባይ በማጥናት ነው። ካልሲየም ኦክስጅንን ይወዳል። ባዜቃ፣ እርሳስና ካድሚየም ደግሞ ድኝን አጥብቀው ይይዛሉ። አሜሪካዊው ራልፍ ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን የጠባይ ልዩነት በሥርዓት አስቀመጠው። ስለዚህ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ድኝ ያለበት መያዣ ከተሠራ፣ ካልሲየሙ በአጠገቡ ያልፋል፣ ባዜቃው ይቀራል። ሌላው መንገድ አንዱን አዮን ከሦስት አቅጣጫ አንድ ላይ የሚጨብጥ መያዣ መሥራት ነው፤ እንዲህ ያለው መዳብንና እርሳስን ከካልሲየም ይልቅ በብዙ እጥፍ ይመርጣል። እነዚህ ሬዚኖች ከተራው ይልቅ ውድ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ዋጋቸውን ያወጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ከሕፃናት ጤና ጋር ይገናኛልና። እርሳስና ባዜቃ ሰውነትን ከሚጎዱባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ጠባያቸው ነው። በሰውነታችን ውስጥ ድኝ ያለባቸው ብዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ብረቱ እነርሱን አግኝቶ ይጨብጥና ሥራቸውን ያስቆማል። በእርሳስ ለተመረዘ ልጅ የሚሰጠው መድኃኒትም ድኝ ያለበት ሞለኪውል ነው፤ እርሳሱን ከሰውነት ነጥቆ በሽንት ያወጣዋል። አንድ የኬሚስትሪ ሕግ በሽታውንም መድኃኒቱንም ማጣሪያውንም ያብራራል። ኬሚስትሪን ለፈተና ብቻ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ብታስቡበት እወዳለሁ።

ሁሉም ብረት አዎንታዊ ሙል ይዞ አይጓዝም። ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ሦስት ሙል ያለው ክሮሚየም በአንጻራዊነት ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የተለፋ ቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል ግን ወደ ባለ ስድስቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ ካንሰር የሚያመጣው ነው። ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ አሉታዊ ሙል ይዞ ነው በውሃ የሚሄደው፤ ስለዚህ እስካሁን የገለጽኩት ሬዚን ጨርሶ አይነካውም። አዎንታዊ ሙል ያለው ሌላ ፖሊመር ያስፈልጋል። አርሰኒክም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ለእርሱ በሬዚኑ ፍሬ ውስጥ የብረት ዝገት ደቃቅ ቅንጣት ተከትቶ ይሠራል፤ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል መንደሮች በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ተጠቅመዋል። በአጭሩ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ብረት የትኛው እንደሆነ፣ በምን መልክም እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ ማጣሪያ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለፋብሪካ ፍሳሽ ከሬዚን በፊት የሚቀድሙ ርካሽ ነገሮች አሉ። ኖራ ተጨምሮበት አሲድነቱ ሲቀንስ አብዛኛው ክሮሚየም ይረጋል። የረጋው ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይወርድም፤ ያን ጊዜ ፖሊአክሪላማይድ የሚባል ሌላ ፖሊመር ለ1 ሜትር ኩብ ውሃ ጥቂት ግራም ይጨመራል፤ ረጅሙ ሰንሰለት ደቃቁን እያያያዘ ያወርደዋል። በመጨረሻ የተረፈውን ትንሽ ሬዚኑ ይለቅማል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሬዚኑ በአንድ ቀን ይሞላል፣ ወጪው ይከብዳል፣ ማሽኑ ይቆማል። ፖሊአክሪላማይድ ራሱም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከተሠራበት አክሪላማይድ ያልተያያዘ ቅሪት ሊኖርበት ይችላልና ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 0.0005 ሚሊግራም ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በአገራችን በጤፍ ጭድ ክሮሚየምን ከውሃ መለየት እንደተሞከረ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥናቱ ታትሟል፣ ጭድም የተፈጥሮ ፖሊመር ነውና ይይዛል። ተመራማሪዎቹን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ለዋግ ይህን መንገድ አልመክርም። ጭድ ቆሻሻ በሆነበት አገር ርካሽ ሊባል ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ዝናብ በቀረ ዓመት የከብት ነፍስ የሚያቆየው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ክሮሚየም የጠገበ ጭድ መልኩ ከሌላው ጭድ አይለይም። ሜዳ ላይ ተጥሎ ቢገኝ ላም ትበላዋለች። ሰው ሠራሹ ፍሬ ቢያንስ ላም አትበላውም፤ በአሲድ ሲታጠብም ብረቱን ለቆ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል።

ወደ ራሳችን ውሃ ልመለስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣን ስም የያዘ ቃል ኪዳን ገባ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከመቀንጨር ለማላቀቅ። የዚህች ከተማ ስም የተመረጠው በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ካየነው መከራ የተነሣ ነው። ንጹሕ ውሃ የዚያ ቃል ኪዳን አንዱ ምሰሶ ነው፣ ተገቢም ነው፤ በተቅማጥ የሚመላለስ ልጅ የበላው አይጠቅመውም። ስለ ብረት ስናገር ጀርምን አሳንሼ እንዳይመስላችሁ። በዋግ ዛሬ ልጆችን አስቀድሞ የሚጎዳው የውሃ እጥረትና ጀርም ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተጎዱ የውሃ ተቋማትም አሉ። መጀመሪያ ውሃ ይገኝ፤ ጀርሙ ይገደል።

ሆኖም የተቀነጨረ ልጅ በእርሳስም ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ደሙ ለጤና የሚያስፈልገው የብረት ንጥረ ነገር (አይረን) ያነሰው፣ ካልሲየምም የጎደለው ልጅ አንጀት፣ ያጣውን ሲፈልግ እርሳስን አብሮ ይመጥጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በልጅ ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የጠገበን ልጅ በጥቂቱ የሚጎዳ መጠን የኛን ልጅ አእምሮ ይበልጥ ሊያደክም ይችላል ማለት ነው። ቃል ኪዳኑ ስለ ምግብና ስለ ጀርም የሚለውን ያህል ስለ ብረት ምርመራም ቢል ደስ ይለኛል።

ጀርምን ብቻ አስቦ ብረትን መርሳት ምን እንደሚያመጣ ከባንግላዴሽ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ በኮሌራና በተቅማጥ ሲያልቅ፣ በጎ ሰዎች መጡና ሚሊዮኖች የሚሆኑ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከመሬት የወጣው ውሃ የጠራ ነበር፣ ጀርም አልነበረበትም፣ ሕፃናት ተረፉ። አርሰኒክ ግን ማንም አልመረመረም። እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኘ። እስከዚያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲጠጡት ኖረው ነበር፤ ቆዳቸው ነጠብጣብ አወጣ፣ እጅና እግራቸው ሻከረ፣ ካንሰርም ተከተለ። በታሪክ ትልቁ የሕዝብ መመረዝ የተባለው ይህ ነው። በአገራችንም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ ብረት ባይሆንም፣ ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶናል፤ በወንጂ የስኳር ሠራተኞች ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ የታየው ከጉድጓድ በወጣ የጠራ ውሃ ነበር።

የዋግ ጉድጓድ አርሰኒክ አለበት እያልኩ አይደለም። ይመርመር እያልኩ ነው። ወደ ጉድጓድ የሚመጣው የመስክ መመርመሪያ ሻንጣ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ጀርምን፣ ክሎሪንን፣ ድፍርስነትንና አሲድነትን ነው። ለከባድ ብረት ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ ካልተጨመረ፣ ብረቱ በመንገድ ላይ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ላቦራቶሪው ውሃው ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። ጠርሙሱም ፖሊመር መሆኑን አስታውሱ።

ብረት ከዐለት ብቻ አይመጣም፤ እኛው ራሳችን ወደ ጉድጓዱ ልናስገባው እንችላለን። የእጅ ፓምፕና የቦኖ የነሐስ መገጣጠሚያዎች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ውሃው ሌሊቱን ሲቆምባቸው ይሟሟል። የፒቪሲ ቱቦም በሙቀት እንዳይበላሽ ለረጅም ዘመን የእርሳስ ውህድ ሲጨመርበት ኖሯል፤ አውሮፓውያን አምራቾች ይህን ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ ላይ ነው። እርሳስን የሚይዝ ፖሊመር በውድ ዋጋ ገዝቶ እርሳስ በሚለቅ ፖሊመር ውሃ መሳብ እንዳይሆንብን፣ ቱቦ ሲገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑ በጨረታው ሰነድ ይጻፍ። እስከዚያው ጠዋት ከፓምፑ መጀመሪያ የሚወጣውን ጀሪካን ለልብስ አጠባ አድርጉት፤ በውሃ እጦት አገር ድፉት ለማለት አንደበቴ አይችልም።

ወጣቶች ወርቅ ፍለጋ ወደ ወንዝ እንደሚወርዱ አውቃለሁ፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ሰዎች እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ ወደ መንደር አምጥተው በእህል ወፍጮ ፈጩት። አቧራው ግቢውን፣ ጉድጓዱን፣ የልጆችን እጅ ሸፈነ። ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያን ድኝ ያለበትን መድኃኒት ለተረፉት ሰጡ፤ ነገር ግን የመንደሩ አፈር ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ልጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ እንደገና ይመረዙ ነበር። በባዜቃ ወርቅ የሚያነጥሩም አሉ፤ ባዜቃው በእሳት ሲተን የሚነፋበት ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ወንዝ ገብቶ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጠናቀቀ ወዲህ ሐይቁ ለዋግ ወጣቶች የዓሣ እንጀራ ሆኗል። ያንን እንጀራ በገዛ እጅ አለመመረዝ ይቻላል። ለዚህ የትኛውም ፖሊመር አይደርስላችሁም፤ በጭስ የገባውን ባዜቃ የሚያጣራ የውሃ ማጣሪያ የለም። ድንጋዩን ከመንደር አርቁ፣ በእህል ወፍጮ አትፍጩ፣ ባዜቃውን አትንኩ።

አሁን ወደ ቀሩት ሁለት ጥያቄዎች፣ መያዣው ሲሞላ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ይጠብቀዋል ወደሚሉት፣ ልድረስ። ሬዚኑ ሲሞላ በአሲድ ይታጠባል። አሲዱ የሃይድሮጅን አዮን ያጥለቀልቀውና መያዣዎቹ ብረቱን ይለቃሉ፤ ሬዚኑ እንደ አዲስ ይሆናል። በሺህ ሊትር ውስጥ ተበትኖ የነበረው ብረት ግን አሁን በጥቂት ሊትር አሲድ ውስጥ ተሰብስቧል፤ ከመጀመሪያው ውሃ እጅግ የከፋ መርዝ ነው። በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ይህ በረከት ሊሆን ይችላል፤ የተሰበሰበው ክሮሚየም ተመልሶ ወደ በርሜሉ ይገባል፣ ፋብሪካውም ከግዢው ይቆጥባል። ኬሚስት አለ፣ አሲድ አለ፣ ተጠያቂ ሥራ አስኪያጅ አለ። ለዚህ ነው የእነዚህ ፖሊመሮች ትክክለኛ ቦታ ብረቱ በሚወጣበት በር ላይ ነው የምለው፤ በፋብሪካው፣ በማዕድን ማውጫው፣ በባትሪ መጠገኛው።

ያንኑ ማጣሪያ በዋግ ዝቋላ ባለ አንድ መንደር በየቤቱ ብናከፋፍል ምን ይሆናል? ከጥቂት ወራት በኋላ እርሳስ የጠገበ ፍሬ በየግቢው ይኖራል። ልጅ ያገኘዋል፣ ዶሮ ትጭረዋለች፤ አመድ ላይ ይደፋና በክረምት ጎርፍ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ካልተቀየረ ደግሞ የከፋ ነው፤ የሞላ ሬዚን አዲስ የሚመጣውን ብረት አይይዝም፣ አንዳንዴም የያዘውን ለካልሲየም ቦታ ለመስጠት ይለቃል። ባለቤቷ ግን ማጣሪያ አለኝ ብላ ተማምና ትጠጣለች።

ስለዚህ ምርመራ ተደርጎ ብረት የተገኘበት ጉድጓድ ካለ፣ መጀመሪያ ሌላ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ይፈለግ። ሌላ ከሌለ ማጣሪያው በአንድ ቦታ፣ በጉድጓዱ ራስ ላይ፣ በውሃ ኮሚቴው ቁልፍ ሥር ይሁን እንጂ በየቤቱ አይበተን። ከሚያቀርበው ድርጅት ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ፍሬው በእኛው ውሃ በስንት ሜትር ኩብ እንደሚቀየር ይጻፍ። ውሃው በየስንት ወሩ በየትኛው ላቦራቶሪ እንደሚመረመር፣ የምርመራው ወረቀት ቅጂ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንደሚለጠፍ ይጻፍ። የሞላውን ፍሬ ማን በየትኛው መኪና ወዴት እንደሚወስደው፣ ባይወስደውስ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ፣ ማጣሪያው በነፃ የተሰጠ ቢሆን እንኳ አትፈርሙ። ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊትም ውሉ በአደባባይ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ይነበብ፤ ውሃውን በየቀኑ የሚቀዱት እናቶች እያንዳንዱን አንቀጽ ይስሙ፣ ይጠይቁ፤ መልሱ ካላረካቸውም ውሉ ተመልሶ እንዲስተካከል ይደረግ።